ከጎንደር ወደ ትንሽ ከተማ ሲዛወሩ፦ ግብሩን፣ ሊዙንና ፕላኑን የመመዘኛ መንገድ

ጎንደር ውስጥ ኪራይ የመረረው፣ ጡረታ የወጣ ወይም ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ ሰፋ ያለ ግቢ የሚመኝ ሰው ዓይኑን የሚጥልባቸው ከተሞች የታወቁ ናቸው። ማክሰኚት አለ፣ ቆላ ድባ አለ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ አይከል፣ ትክል ድንጋይ፤ ራቅ ላለ ደግሞ ዳባትና ደባርቅ። ፈላጊው መጀመሪያ የቤቱን ዋጋ ይጠይቃል። ጠንቀቅ ያለው ቀጥሎ "ግብሩስ ስንት ነው?" ይላል። ደግ ጥያቄ ነው፤ ተራው ግን ገና ነው። በትንሽ ከተማ ግብር ከፍሎ የከሰረ ሰው አላውቅም። ገንዘቡን የበላው የከተማው ወሰን፣ ፕላኑ ወይም ወረቀቱ የሆነበትን ግን ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህ ከእነርሱ እንጀምር፤ ሂሳቡ ይደርሳል።

አንደኛ፦ ቦታው ከተማ ነው ወይስ ገጠር?

በትንሽ ከተማ ከተማውና ገጠሩ በአጥር አይለዩም። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ሲሉ የጤፍ ማሳ ይጀምራል፤ ከማሳው ዳር ደግሞ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ቆሟል። ያ ቤት ከከተማው ክልል ውስጥ ከሆነ የሊዝ፣ ማለትም የከተማ ቦታን ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የመያዝ፣ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይመለከተዋል። ከክልሉ ውጭ ከሆነ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ ይገዛዋል። ከሁለቱም በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አለ፦ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማ ውስጥ "ቦታ ገዛሁ" የሚል ሰው በእርግጥ የገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ገጠር ውስጥ በሩ ከዚያም ይጠባል። ገበሬው መሬቱን ማውረስ፣ ሕጉ በፈቀደው መንገድ በስጦታ ማስተላለፍ፣ ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ይችላል፤ ለጎንደር ጡረተኛ ቆርሶ መሸጥ ግን አይችልም።

መለያው ወረቀቱ ነው። ሻጩ ከሣጥኑ አረንጓዴውን ደብተር፣ ማለትም የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫውን ካወጣ፣ ዋጋ መከራከሩን ያቁሙ። ደላላው በዚህ ጊዜ የሚላት ነገር አለችው፦ "ሊካለል ነው፤ በቅርቡ ከተማ ይገባል።" ሊካለል ይችላል፤ ከተሞች እየሰፉ ነው። ግን ሲካለል የሚሆነውን ልብ ይበሉ። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ ከሆነ ካሳው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚታሰበው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ሰው ነው፤ ባለይዞታው ደግሞ ደብተሩ በስሙ ያለው ገበሬ ነው። እርስዎ በእጅዎ ያለው በሽማግሌ ፊት የተፈረመ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ቤቱም ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ በሕገ ወጥ ግንባታ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ቢሮ ይሂዱ። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ሄደው የከተማውን የወሰን ካርታ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ቀጥለው የወረዳውን የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ቦታው በማን ስም ተመዝግቦ እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለቱም "የእኛ ነው" ካሉ ክርክር ያለበት ቦታ ነው። ሁለቱም "አናውቀውም" ካሉ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በካርታ፣ ገጠር መሬቱ ደግሞ "ከእኛ መዝገብ ወጥቷል" ብሎ በቃል ካረጋገጡልዎት፣ የሁለተኛውን በጽሑፍ ይለምኑ። ሁልጊዜ አይሰጡም፤ መለመኑ ግን ምንም አይከፈልበትም።

ሁለተኛ፦ ፕላኑ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ

ይህ የመመሪያው ረጅሙ ክፍል ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የከተማ መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ከሥሩ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል አለ፤ እርሱ ሰፈር በሰፈር፣ መንገድ በመንገድ ወርዶ ይዘረዝራል። ትንንሽ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ቀለል ባለ መሠረታዊ ፕላን ነው። ማዘጋጃ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያው ጥያቄዎ "ፕላኑ በስንት ዓመተ ምሕረት ጸደቀ?" የሚል ይሁን። ዘመኑ ሊያልቅ የተቃረበ ፕላን ካለ፣ ዛሬ መኖሪያ የተባለው ቀለም ነገ ገበያ ወይም መናኸሪያ ሊሆን ይችላል። የከለሳ ሥራ መጀመሩን፣ ቀያሾች ሰፈሩን ሲለኩ መታየታቸውን ጎረቤት ይጠይቁ። እንዲህ ያለውን ወሬ ቡና ላይ ያሉ እናቶች ከቢሮው ቀድመው ያውቁታል።

ፕላኑ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ግድግዳ ላይ ነው። ፀሐይ ቀለሙን ያደበዘዘው፣ ጥግ ጥጉ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ነው። ከሩቅ አይተው አይመለሱ። መጀመሪያ የቀለም መፍቻውን ያንብቡ፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም ትምህርት ቤቱን ፈልገው ከእርሱ እየቆጠሩ እስከ ቦታዎ ይድረሱ። ባለሙያው ጣቱን ሲያሳርፍ በስልክዎ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ይጠይቁ። በአንድ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ተራ እየጠበቅሁ የሰማሁት ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና፣ "እማማ፣ ይህ ኩሽናዎ በእኛ ካርታ ላይ መንገድ ነው" አላቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ልጄ፣ ልጆቼን ሁሉ በዚያ ምድጃ ነው ያሳደግሁት" አሉት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እርሳቸው መንገዱ እስኪከፈት ይኖሩበታል፤ ቤቱን ከእርሳቸው የሚገዛው ሰው ግን መንገድ የሚነካው ቤት በሙሉ ዋጋ መግዛቱ ነው።

ፕላኑን ሲያዩ ከመንገዱ ሌላ የሚከተሉትን ይጠይቁ። ቦታው ለመኖሪያ ነው፣ ለንግድ ነው ወይስ ለድብልቅ አገልግሎት? ዝቅተኛ የፎቅ ብዛት ተወስኖበታል? ይህ አስፋልት ዳር ለሚገዙ ሰዎች ወጥመድ ነው። ፕላኑ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ከአንድ ፎቅ በታች አይሠራም የሚል ከሆነ፣ እርስዎ ያሰቡት ባለ ሦስት ክፍል ምድር ቤት የግንባታ ፈቃድ አያገኝም፤ የቆመው አሮጌ ቤትም ቢፈርስ በቦታው የሚመስለውን መመለስ አይችሉም። ወንዝ ዳር ከሆነ የአረንጓዴ ቦታ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ። ወደ ጎርጎራና ወደ ጣና ዳርቻ ለሚያስቡ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ስለተመዘገበ የውኃው ዳር እንደ ማንኛውም ቦታ አይታይም። ደባርቅ የሚሄድ ሰውም የከተማውን ወሰን ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ጋር አያምታታ።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት የትንሽ ከተማ አመል ብቻ አይምሰልዎት። ፋሲል ግቢ አጠገብ ቤት ያለው የጎንደር ሰው ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ ቅርስን የሚመለከት ጥያቄ እንደሚመጣበት ያውቃል። ልዩነቱ ጎንደር ላይ ሕጉን ሁሉም ሰምቶታል፤ ትንሽ ከተማ ላይ ግን ካልጠየቁ የሚነግርዎት የለም።

ሦስተኛ፦ ግቢው ውስጥ ምን ሊያደርጉ አስበዋል?

ወደ ትንሽ ከተማ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ በልቡ ሁለት የወተት ላም፣ ጥቂት ዶሮ፣ ምናልባትም ለልጁ የምትሆን ሱቅ ይዞ ነው የሚሄደው። እነዚህን አንድ በአንድ ይጠይቁ። ላምና ዶሮ በትንንሽ ከተሞች በአብዛኛው በዝምታ ይታለፋሉ፤ ብዛታቸው ሲጨምርና ሽታው ጎረቤት ሲደርስ ግን ዝምታው ያበቃል። ወፍጮ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ጋራዥ በመኖሪያ ቀለም ውስጥ አይፈቀዱም ብለው ይነሱ። ሱቁ የንግድ ፈቃድ ሲጠይቅ የቤቱ አገልግሎት በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ "መኖሪያ" ተብሎ መጻፉ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

ሊገነቡ ካሰቡ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የፕላን ስምምነት (ያሰቡት ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ)፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አሸዋና ድንጋይ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የታሰበው 10,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ነበር። ከዚያ ያነሱ ከተሞች የሚሠሩበት ደንብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ "ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ምን ዓይነት ንድፍ ይጠይቃል?" ብለው በቃል ሳይሆን በዝርዝር ያስጽፉ። ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል ርቀው መሥራት እንዳለብዎ፣ መስኮት ወደ ጎረቤት መክፈት መፈቀዱንም ይጨምሩበት። ስለ ፕላን ካወራን ላይቀር የአፈሩን ነገርም ልጨምር፦ ደምቢያ ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቆላ ድባ ላይ ቦታ በርካሽ አግኝተው ያተረፉትን ገንዘብ የመሠረቱ ሥራ መልሶ ሊበላው ይችላል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ችግርዎ ብርዱ ነው፤ እርሱን ፎጣና ጋቢ ይችለዋል።

አራተኛ፦ "ነባር ነው" የምትለዋ ቃል

ሻጩ ካርታውን ያሳይዎታል። ካርታው ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው፦ በሊዝ የተያዘ ወይም ነባር ይዞታ፣ ማለትም የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የተያዘ። ነባር ከሆነ ሻጩ በኩራት "ሊዝ የለበትም፤ በዓመት የምከፍለው ትንሽ የቦታ ኪራይ ብቻ ነው" ይልዎታል፤ ደረሰኙንም ያወጣል። አልዋሸም። ግን ያ ደረሰኝ የሚናገረው ስለ እርሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። ስለዚህ ስም ሲዞር ሂሳቡ እንደገና ይጀምራል፤ እርስዎም ሻጩ ከፍሎት የማያውቀውን ክፍያ ይረከባሉ። ቤት ሊገዙ የሄዱ ስንት ሰዎች ይህን የሰሙት ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ነው!

ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የሊዝ ውሉን ራሱን ያንብቡ። መኖሪያ ቤት በሊዝ የሚሰጠው እስከ 99 ዓመት ነው፤ ስንቱ እንዳለፈ ይቁጠሩ። ሻጩ የቀረበት ዕዳ፣ ያልከፈለው ወለድና መቀጫ ስንት ነው? ውሉ ውስጥ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ ተጽፏል፤ ጊዜው ያለፈበት ባዶ ቦታ ውሉ ሊቋረጥ የሚችል ቦታ ነው። ግንባታው ከግማሽ በታች የሆነ የሊዝ ቦታ ደግሞ ሲተላለፍ ልዩ ሥርዓት አለው፤ ሻጩ የዋጋውን ጭማሪ እንደ ልቡ ኪሱ የሚከትበት አይደለም። "እኛ በግላችን ውል እንጨርሳለን" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሐሳቡ ሲመጣ እርስዎ ይሂዱ።

አንድ የተለመደ ስሕተትም ላንሳ፦ ካርታ የሌለው ሰው የብዙ ዓመት የግብር ደረሰኝ በፌስታል አጭቆ ሲያመጣ ልብ ይራራል። ግብር መክፈል ግን የይዞታ መብት አይፈጥርም። ደረሰኙ ሰውዬው በቤቱ መኖሩን ለማስረዳት ይጠቅም ይሆናል፤ እርስዎን ባለቤት ለማድረግ አይበቃም።

አምስተኛ፦ አሁን ሂሳቡን ይሥሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ አንድ ጊዜ የሚከፈል፣ በየዓመቱ የሚከፈል፣ ማንም ሳይጽፈው የሚከፈል።

አንድ ጊዜ ከሚከፈለው ውስጥ የቴምብር ቀረጥ አለ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ለባለቤትነት ማስተላለፊያ 2 በመቶ ጥሎበታል። ስሌቱ የሚሠራው ጽሕፈት ቤቱ በሚያወጣው ግምት ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ መጻፍ የተባለው ቁጠባ ብዙ አያዋጣም፤ ክርክር የመጣ ቀንም የከፈሉትን ገንዘብ ማስረዳት ያቅትዎታል። የሊዝ ቅድሚያ ክፍያም እዚህ ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ በሊዝ አዋጁ መሠረት ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ 10 በመቶ ማነስ የለበትም።

በየዓመቱ የሚከፈለውን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ቦታው 200 ካሬ ሜትር፣ የሊዝ ዋጋው በካሬ 1,500 ብር ነው እንበል። ጠቅላላው 300,000 ብር ይሆናል። 10 በመቶውን፣ 30,000 ብር፣ ቀድመው ከፈሉ። የቀረው 270,000 ብር በ30 ዓመት ቢከፋፈል በዓመት 9,000 ብር ነው፤ በቀሪው ላይ የሚታሰበው ወለድ ገና አልተጨመረም።

አሁን ግብሩን ከጎኑ ያስቀምጡ። ለብዙ ዓመታት የከተማ ቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ሲሰበሰብ የኖረው በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። የቤት ግብሩ የሚታሰበው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ሲሆን፣ ግምቱ ያረጀ በመሆኑ የአሮጌ ደረሰኞች ቁጥር ፈገግ ያሰኛል። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ጸደቀ። በእርሱ ማዕቀፍ ታክሱ የሚሰላው በንብረቱ ዋጋ 25 በመቶ ላይ ነው፤ የማስከፈያ ልኩ ለሕንጻ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው። ቤቱ 2 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ 25 በመቶው 500,000 ብር ነው። በዝቅተኛው ልክ 500 ብር፣ በከፍተኛው 5,000 ብር ይመጣል። በሁለቱ መካከል አሥር እጥፍ ልዩነት አለ፤ ልኩን በዚያ ገደብ ውስጥ የሚወስኑት ደግሞ ክልሉና ከተማው ናቸው። ስለዚህ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ የሚቀርበው ጥያቄ "ግብሩ ስንት ነው?" ከሚለው ይልቅ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ "በየትኛው ሕግ ነው የምታስከፍሉት? የዚህ ሰፈር ደረጃ ስንት ነው? ግምቱ መቼ ነው የሚታደሰው?"

ምሳሌውን ደግመው ይመልከቱት። በከፍተኛው የሕንጻ ታክስ ልክ እንኳ ሊዙ ይበልጣል። ሁለት ከተማ ሲያወዳድሩ የግብር ልክ ልዩነት ከሚወስንልዎት ይልቅ የሊዝ መነሻ ዋጋው ልዩነት ይወስንልዎታል። አምባ ጊዮርጊስንና ማክሰኚትን የሚያማርጥ ሰው የሁለቱን የሊዝ መነሻ ዋጋና የቦታ ደረጃ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ ደላላ ሲያዞረው ከሚውል የበለጠ ያውቃል።

ሦስተኛው ዓምድ ማንም የማይጽፈው ነው። ለውኃ መስመር፣ ለትምህርት ቤት አጥር፣ ለመንገድ ጠጠር የሚጠየቅ መዋጮ በትንሽ ከተማ ከግብሩ ሊበልጥ ይችላል። እምቢ ማለት በሕግ ይቻል ይሆናል፤ በእድር አይቻልም። ለእድሩ ራሱ መግቢያም ቀድሞ የነበረው አባል ሁሉ ያዋጣውን ያህል የሚያስከፍሉ አሉና ይጠይቁ። መብራት ከምሰሶ ወደ ቤት ለማስገባት ስንት ምሰሶ መጨመር እንዳለበትም እዚሁ ይጻፉ። ጎንደር ለሕክምና የሚመላለስ ሰው ደግሞ የትራንስፖርቱን ወጪና የመንገዱን ሁኔታ ሳይጨምር ሂሳቡን አይዝጋ።

ስድስተኛ፦ የጎንደሩን ቤት ምን ያደርጉታል?

ከሸጡት፣ በካፒታል ዋጋ ዕድገት ላይ የሚጣል ግብር ይመለከትዎት እንደሆነ ከመፈራረምዎ በፊት ገቢዎችን ይጠይቁ፤ ቤቱ መኖሪያዎ ሆኖ የቆየበትን ጊዜ የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ። ካከራዩት፣ የኪራይ ገቢ ግብር በሠንጠረዥ "ለ" ይከፈላል። ብዙ ሰው በትንሽ ከተማ የሚኖረው በዚህ ኪራይ ነውና፣ ኪራዩን ከግብር በኋላ በሚተርፍዎት ልክ ይቁጠሩት። የእኔ አስተያየት፣ ቢያንስ አንድ ክረምት በአዲሱ ከተማ በኪራይ ተቀምጠው ሳያዩ የጎንደሩን አይሽጡ። ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ፣ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ ካርታ ላይ አይታይም።

ሰባተኛ፦ ውሉና ዝውውሩ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ ይመርቁ፤ ፊርማው ግን እዚያ ይሁን። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱ ፊርማም ያስፈልጋል። ሚስት "ልጆቼ ሳይሰሙ" ብላ ያኮረፈችበት ሽያጭ ሰላም አይሰጥም። ውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ከሁሉም ወራሾች ስም ጋር ያስተያዩ፤ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድም ከተረሳ ይመጣል።

በፊርማው ሳምንት፣ ከዚያ ቀድሞ ባልሆነ ጊዜ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ ደብዳቤ ያውጡ። የዛሬ ሁለት ወር የተጻፈ ደብዳቤ የትናንትናውን የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አያሳይም። የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ወረቀት) በሻጩ ስም ይውጣ፤ ያልተከፈለ ውዝፍ ካለ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ቀያሽ ጠርተው ችካሎቹን ከካርታው ቁጥር ጋር ያስመዝኑ፤ ያን ቀን ሁለቱም ጎረቤቶች ይኑሩ። ከክፍያው ላይ የተወሰነ ገንዘብ ስሙ እስኪዞር እንዲቆይ በውሉ ውስጥ ያስገቡ። ደህና ሻጭ በዚህ አይቆጣም።

በመጨረሻ ከጎንደር ቀበሌዎ መሸኛ ያውጡና በአዲሱ ቀበሌ ይመዝገቡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና፣ ዝውውሩ ከሰኔ መጨረሻ ጋር ከተገጣጠመ የአሮጌውን ዓመት ግብር ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ በአንድ መስመር ያስጽፉ። ካርታው በስምዎ ሲወጣ ከቢሮው ሳይወጡ ያንብቡት፤ የአባት ስም ፊደል፣ የካሬ ሜትሩ ቁጥር፣ የቦታው አገልግሎት ልክ መሆናቸውን ይዩ። በዚያው ቀን ያስተካክሉልዎታል፤ ከወር በኋላ ከሆነ ግን ማመልከቻ ጽፈው ይመጣሉ።